3,000 ብር ይዞ 5/10 ላይ መቀመጥ ያዋጣል ወይ? ስለ ፖከር ባንክሮልና ስለ ጠረጴዛ ምርጫ

አንገረብ_ዳር፦
ሰላም ለቤቱ። ጥያቄዬ ፖከሩን ከነሒሳቡ ለምታውቁት ነው። ከቤት ወጪ ተለይቶ ለጨዋታ ብቻ የተቀመጠ፣ ባንክሮል የሚባለው፣ 3,000 ብር አለኝ። እዚሁ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ እሁድ እሁድ ከ11 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት የሚቀመጡ ሁለት ጠረጴዛዎች አሉ። ሁለቱም ኖ ሊሚት ሆልደም (ሁለት ካርታ በእጅ የሚያዝበት፣ የፈለጉትን ያህል መወራረድ የሚቻልበት ፖከር) ናቸው፣ ሁለቱም ስምንት ሰው ገደማ። የአንዱ ብላይንድ (ሁለት ሰው በየተራ ካርታ ሳያዩ የሚጥሉት የግዴታ ብር፣ ትንሹና ትልቁ) 5/10 ነው፤ አብዛኛው ሰው 1,000 ብር ይዞ ይገባል፣ ሁለት ሦስቱ 2,000። ሌላው 1/2 ነው፣ በ200 ይገባል። ቤቱ በሁለቱም ላይ ከእያንዳንዱ ሰው በሰዓት 20 ብር ይሰበስባል። ከዚህ ውጭ ኦንላይን አካውንት ላይ 100 ዶላር አለ።

የትኛው ላይ ልቀመጥ? ስንት ሲሞላ ደረጃ ልጨምር፣ ስንት ሲቀር ልውረድ? አንድ መግቢያ 100 ትልቅ ብላይንድ ሆኖ፣ «20 መግቢያ ይበቃል» የሚልም፣ «100 ያስፈልጋል» የሚልም አንብቤያለሁ፤ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ የሚያስረዳኝ ግን አላገኘሁም።

ቀሃ_ማዶ፦
ልዩነቱ የሚመጣው እያንዳንዱ የራሱን ትርፍ እያሰበ ቁጥር ስለሚጠራ ነው። የባንክሮል መጠን በሦስት ነገር ይወሰናል። በ100 እጅ (አንድ እጅ ካርታ አንዴ ታድሎ ፖቱ እስኪወሰድ ያለው ነው) በአማካይ ስንት ትልቅ ብላይንድ ታተርፋለህ? ውጤትህ ምን ያህል ይዋዥቃል? ሁሉንም የማጣት ዕድሉ እስከ ስንት ቢሆን ትቀበላለህ? እነዚህን ሳይጠይቅ ቁጥር የሚሰጥህ ሰው የሚነግርህ ስለራሱ ነው።

መዋዠቁን እናስቀድም። ኖ ሊሚት ሆልደም ላይ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (የመዋዠቁ መለኪያ) በ100 እጅ ከ80 እስከ 100 ትልቅ ብላይንድ ነው፤ 90 ብለን እንያዘው። ካርታው በእጅ እየታደለ በሰዓት 25 እጅ ገደማ ይወጣል፣ በአምስት ሰዓት 125 እጅ። ለ125 እጅ መዋዠቁ ወደ 100 ትልቅ ብላይንድ ይመጣል፣ ማለትም ልክ አንድ መግቢያ። እንግዲህ 5/10 ላይ በአንድ እሁድ ማታ 1,000 ብር መብላትም መበላትም ተራ ነገር ነው፤ ከሦስት እሁድ በአንዱ ውጤቱ ወደ አንዱ ወገን ከዚያም ያልፋል። 2,000 ብር መበላት ከ40 እሁድ በአንዱ ገደማ ይደርሳል፣ አንድም ስህተት ሳትሠራ።

አሁን ወደ መክሰር ዕድል። ቀመሩ እንዲህ ነው፦ 2 ሲባዛ በትርፍህ ሲባዛ በባንክሮልህ፣ ሲካፈል ለስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ስኩዌር፤ ከዚያ 2.718ን በዚህ ቁጥር ኔጋቲቭ ፓወር ታነሳዋለህ። ሁሉንም በትልቅ ብላይንድ ለካ። የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል። በ100 እጅ 5 ትልቅ ብላይንድ የሚያተርፍ ሰው ጥሩ ተጫዋች ነው። እሱ እንኳ 3 መግቢያ ይዞ ከተነሳ የመክሰር ዕድሉ 69 በመቶ ነው። 20 መግቢያ ከያዘ 8.5 በመቶ፣ 30 ከያዘ 2.5 በመቶ፣ 40 ከያዘ 0.7 በመቶ ይሆናል።

ትርፉ 2 ብቻ የሆነው ግን 20 መግቢያ ይዞ 37 በመቶ ይከስራል። እዚያው 8.5 በመቶ ላይ ለመድረስ 50 መግቢያ፣ 0.7 ላይ ለመድረስ 100 መግቢያ ያስፈልገዋል። 20 ያለህም 100 ያለህም አልዋሹህም፤ የሚያወሩት ስለተለያየ ተጫዋች ነው። ትርፉ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ለሆነ ሰው ቀመሩ የሚሰጠው መልስ 100 በመቶ ነው። ገንዘቡ ቢበዛ መክሰሪያው ቀን ይዘገያል እንጂ አይቀርም።

ስለዚህ የአንተ 3,000 ብር 5/10 ላይ 3 መግቢያ፣ 1/2 ላይ 15 መግቢያ ነው። 5/10 ላይ አትቀመጥ።

የአዘዞው፦
ሒሳቡ ልክ ነው። ግን «1/2 ላይ ተቀመጥ» ከመባሉ በፊት የቤቱ ክፍያ ይታሰብ፤ እዚህ ከተማ ብዙ ሰው የሚበላው በካርታ ሳይሆን በዚህ ነው።

በሰዓት 20 ብር 5/10 ላይ 2 ትልቅ ብላይንድ ነው። በሰዓት 25 እጅ ስለሚወጣ በ100 እጅ 8 ትልቅ ብላይንድ ለቤቱ ትከፍላለህ። ያው 20 ብር 1/2 ላይ በሰዓት 10 ትልቅ ብላይንድ፣ በ100 እጅ 40 ትልቅ ብላይንድ ይሆናል። በ100 እጅ 40 ትልቅ ብላይንድ ከፍሎ የሚያተርፍ ተጫዋች የለም፤ ጠረጴዛው ሙሉ በሙሉ ጀማሪ ቢሆንም። አምስት ሰዓት ስትቀመጥ 100 ብር፣ ግማሽ መግቢያህ፣ ካርታ ሳይከፈት ሄዷል። በዚህ ክፍያ 1/2ቱ ዝቅተኛ ይምሰል እንጂ ከሁለቱ የባሰው እሱ ነው።

ክፍያው በሰዓት ሳይሆን ከእያንዳንዱ ፖት (መሐል ላይ ከተጠራቀመው ውርርድ) በመቶኛ የሚቆረጥበት ቤትም አለ። እሱንም እንዲሁ ወደ ትልቅ ብላይንድ ቀይሩት። አማካይ ፖት 15 ትልቅ ብላይንድ ቢሆንና ቤቱ ጣሪያ ሳያበጅ 5 በመቶ ቢወስድ፣ በሰዓት ከጠረጴዛው ወደ 19 ትልቅ ብላይንድ ይወጣል። ለስምንት ሰው ሲካፈል በ100 እጅ ለእያንዳንዱ 9 ከምናምን ይደርሰዋል። 10 በመቶ ከሆነ እጥፍ። ጣሪያ ያለው ክፍያና ጣሪያ የሌለው ክፍያ አንድ አይደሉም፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

መፍትሔው ከባለቤቱ ጋር መነጋገር ነው። ክፍያው ከብላይንዱ ጋር ይመጣጠን በሉት፦ 1/2 ላይ በሰዓት ከ1 እስከ 2 ብር ቢሆን ያስኬዳል። ለቡናና ለመብራት ነው ከተባለ ደግሞ ወጪው ተደምሮ ለስምንት ይካፈል፣ ወይም ቤት በየተራ ይቀያየር።

ቀሃ_ማዶ፦
የአዘዞው ትክክል ነው፣ የቤቱን ክፍያ ሳልቀንስ ማስላት አልነበረብኝም። ልጨምርበት፦ ቀመሩ ውስጥ የሚገባው ትርፍ ክፍያው ከተቀነሰ በኋላ ያለው ነው። 5/10ኛው ላይ ሰዎቹ ደካማ ስለሆኑ በ100 እጅ 10 ትልቅ ብላይንድ ታተርፋለህ እንበል። 8ቱ ለቤቱ ሲሄድ 2 ይቀርሃል። 3 መግቢያ ይዘህ በ2 ትርፍ የመክሰር ዕድልህ 86 በመቶ ነው።

ወለቃ፦
አንድ ነገር ልብ ይባል። «5/10» የጠረጴዛው ስም ነው እንጂ ሁልጊዜ ልኩ አይደለም። ሦስት ምልክት ተመልከቱ፦

ስትራድል አለ ወይ? በየእጁ አንድ ሰው ካርታ ሳያይ 20 የሚጥል ከሆነ ጠረጴዛው 10/20 ሆኗል፣ የ1,000 ብር መግቢያህም ከ100 ትልቅ ብላይንድ ወደ 50 ወርዷል። የመጀመሪያው ጭማሪ ስንት ነው? በተለመደ 5/10 ላይ ከ30 እስከ 50 ብር ነው፤ 100 ብር እየተጣለ ሦስት ሰው የሚከተል ከሆነ ፍሎፕ (የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጋራ ካርታዎች) ሳይከፈት 400 ብር መሐል ላይ አለ፣ ባለ 1,000ው ከዚያ በኋላ የሚወስነው አንድ ውሳኔ ብቻ ነው። ሦስተኛው፣ አንድ ሰው በማታ ስንት ጊዜ ይሞላል (አልቆበት እንደገና ብር ያስገባል)? ብዙዎቹ ሁለቴ ሦስቴ የሚሞሉ ከሆነ እውነተኛው መግቢያ 1,000 ሳይሆን 2,500 ነው፤ ባንክሮልህን በዚያ አካፍል።

ይህን ለማወቅ መጫወት አያስፈልግም። ከኋላ ተቀምጦ ግማሽ ሰዓት ማየት ይበቃል፣ ቡና ጠጥቶ መሄድ የሚከለክል የለም።

አንገረብ_ዳር፦
አመሰግናለሁ። ስትራድል አልፎ አልፎ ነው እንጂ በየእጁ የለም። አንድ ጥያቄ፦ 5/10 ላይ በ1,000 ፈንታ 400 ብር ይዤ ብገባስ? ባለ 2,000ዎቹ ያስፈራሉ።

ወለቃ፦
ባለ 2,000ዎቹ አያስፈሩህ። አንድ እጅ ላይ ሊጠፋም ሊገኝም የሚችለው ከሁለታችሁ ያነሰው ክምር (ፊት ያለው ብር) ያህል ነው። አንተ 400 ካለህ እሱ 2,000 ቢኖረውም ከአንተ የሚወስደው 400 ነው።

በ40 ትልቅ ብላይንድ መጫወት ይቻላል፣ ግን ሌላ ጨዋታ ነው። ትናንሽ ጥንዶችንና ተመሳሳይ ቀለም ያላቸውን ተከታታይ ካርታዎች ትተዋለህ፤ እነሱ የሚከፍሉት ክምሩ ጥልቅ ሲሆን ነው። ሁለት ሁለት ጥንድ ይዘህ ፍሎፕ ላይ ሦስተኛውን የማግኘት ዕድልህ 12 በመቶ ገደማ ነው፤ 50 ብር ከፍለህ ከኋላህ 350 ብቻ ካለ ሲመታልህ የምታገኘው ያልመታልህን ጊዜ አይሸፍንም። የምትጫወተው ትልልቅ ጥንዶችን፣ ኤስ ኪንግ፣ ኤስ ኩዊን ነው፤ ጨምረህ ትገባለህ፣ ፍሎፕ ላይ ከመታህ ሁሉም ይገባል። በየእጁ የሚጋለጠው ብር ስለሚያንስ መዋዠቁም ይቀንሳል።

ሁለት ችግር ግን አለው። ክምርህ ወደ 900 ሲያድግ ጨዋታው ይቀየርብሃል፣ ብዙ ቤት ደግሞ ብር ከጠረጴዛ ላይ አንስቶ ኪስ መክተትን አይፈቅድም፤ ስለዚህ ወይ ተነስተህ መሄድ ወይ ጥልቅ ክምር መጫወት መቻል አለብህ። ሌላው፣ በሰዓት 20 ብሩ ለአንተም ለባለ 2,000ውም እኩል ነው። ጥቂት እጅ እየተጫወትክ ሙሉ ኪራይ ትከፍላለህ።

ደምቢያ፦
ልጆች፣ ሒሳቡን ጥሩ አድርጋችሁ አስረድታችኋል። እኔ የምለው ከሒሳቡ በፊት ያለውን ነው።

ባንክሮል የሚባለው ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ የዕቁብ ክፍያ የማይጎድልበት ገንዘብ ነው። የዕቁብ ዕጣ ወጣልኝ ብሎ ጠረጴዛ ላይ ማውጣት ባንክሮል አይደለም፤ ዕዳ ነው፣ ምክንያቱም የሚቀጥሉትን ዙሮች ገና መክፈል አለበት። ብድርም እንዲሁ። ቀመሩ የሚሠራው ገንዘቡ እዚያ ቆይቶ መዋዠቁን የሚጠብቅ ከሆነ ነው፤ በወሩ መጨረሻ የሚፈለግ ብር መጠበቅ አይችልም።

ቦታውን ለዩት። ደመወዝ የሚገባበት ባንክ ሌላ፣ የጨዋታው ብር ቴሌብር ላይ ወይም በፖስታ ሌላ። እሁድ የምትይዙት ለዚያ ማታ የተወሰነውን ብቻ ነው። ቴሌብር ስልክ ውስጥ ስለሆነ ከማታ 3 ሰዓት በኋላ እጅ ወደ እሱ ይሄዳል፤ ፖስታ ቤት ቀርቶ ከሆነ አይሄድም። እኔ ፖስታውን እመርጣለሁ።

ስለ ቤቱም አንድ ነገር። ከስምንት ሰው በሰዓት 20 ብር እየሰበሰቡ አምስት ሰዓት መቀመጥ 800 ብር ነው። ይህ ለቡና አይደለም። ክፍያ መሰብሰብ ሲጀመር የጓደኛ ጨዋታነቱ ያበቃል፣ ባለቤቱንም ተጫዋቹንም ከሕግ ጋር ሊያጣላ ይችላል። የአዘዞው ያለውን መንገድ ያዙ፣ ወጪውን ተካፈሉ።

ማራኪ_ሌሊት፦
ጋሽ ደምቢያ ያሉት ላይ የምጨምረው የለም። ወደ ኦንላይኑ ልሂድ።

100 ዶላር የ1/2 ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ 50 መግቢያ ነው፣ መግቢያው 2 ዶላር ስለሆነ። እዚያ ጀምር። የ2/5 ሳንቲሙ መግቢያ 5 ዶላር ነው፤ 20 መግቢያ አለኝ ብለህ አትሂድ፣ ኦንላይን ያለው ተጫዋች ፒያሳ ካለው ይጠነክራል፣ ትርፍህ ያንሳል፣ የሚያስፈልግህ መግቢያ ይበዛል። ከ30 እስከ 50 መግቢያ ለኦንላይን ካሽ ጌም (በቀጥታ በገንዘብ ለሚጫወቱት) ተገቢ ነው።

መውጫና መውረጃ መስመሩ አንድ ቁጥር ላይ አይሁን። 200 ዶላር ሲሞላ ወደ 2/5 ሂድ፣ 40 መግቢያ ነው። 150 ሲቀር ውረድ። መውጫህም መውረጃህም 200 ላይ ከሆነ አንድ ፖት ባጣህ ቁጥር ጠረጴዛ ስትቀያይር ትውላለህ፣ የትኛውንም ደረጃ ሳትለምድ። ከዚያ በላይ ለ5/10 ሳንቲም 400፣ መውረጃው 300።

አዲስ ደረጃ መሞከር ከፈለግክ ደግሞ ቁርጥ ያለ ሙከራ አድርገው፦ 200 ሲሞላ 3 መግቢያ፣ 15 ዶላር፣ ለሙከራው መድብ። 15ቱ ካለቀ ያኔውኑ ወደ 1/2 ተመለስ፣ 200 እስኪሞላ ጠብቅ። 185 ዶላር ታች 92 መግቢያ ስለሆነ ምንም አልተጎዳህም። ሰው የሚጎዳው 15ቱ ሲያልቅ አራተኛውን መግቢያ ለማስመለስ ሲያወጣ ነው።

«እያተረፍኩ ነው» ለማለት አትቸኩል። ከ10,000 እጅ በኋላ የምታየው የትርፍ ቁጥር ስታንዳርድ ኤረሩ (ከእውነተኛው ሊርቅ የሚችልበት መጠን) በ100 እጅ 9 ትልቅ ብላይንድ ነው። በ100 እጅ 6 አተረፍኩ የምትለው በእውነቱ 3 የምትከስር ልትሆን ትችላለህ። ከ100,000 እጅ በኋላም ስህተቱ ወደ 2.85 ይወርዳል እንጂ አይጠፋም። እሁድ ብቻ የሚጫወት ሰው በዓመት 6,500 እጅ ያያል፤ ዓመት ሙሉ አትርፎም አሸናፊ መሆኑን በዚያ ማረጋገጥ አይችልም። ለዚህ ነው ባንክሮሉን ከልብ ግምት በላይ ማድረግ የሚያስፈልገው።

መብራት። ከተማችን ውስጥ ይህ የባንክሮል ጉዳይ ነው። ካሽ ጌም ላይ መብራት ሲጠፋ የምታጣው ያንን እጅ ነው፤ ክምርህ ይጠብቅሃል። ቶርናመንት (አንዴ መግቢያ ተከፍሎ ቺፕ እስኪያልቅ የሚጫወቱበት ውድድር) ላይ ግን ተቀምጠህም ባትቀመጥም ብላይንድ ይቆረጣል፣ ሁለት ሰዓት ከቆየ መግቢያህ ተበልቶ ያልቃል። ሞባይል ዳታ መጠባበቂያ ከሌለህና ስልክህ ካልተሞላ ረጅም ቶርናመንት አትግባ፣ በአንድ ጊዜም ከሁለት ጠረጴዛ በላይ አትክፈት።

አንገረብ_ዳር፦
100 ዶላሩ በብር ሲታሰብ ከ3,000ው በጣም ይበልጣል። አንድ ላይ ደምሬ አንድ ባንክሮል ልለው?

ደምቢያ፦
አትደምረው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የዚያን ጊዜ 100 ዶላር የነበረው ሰው 5,700 ብሩ ከ10,000 በላይ ሆነለት፤ አንድ እጅ ሳይጫወት። ይህን እንደ ጨዋታ ትርፍ ቆጥሮ ደረጃ መጨመር ስህተት ነው፣ ጠረጴዛው የሚጠይቀው ዶላር አልተቀየረምና፣ መግቢያው ያው ነው። በተቃራኒው ደግሞ 100 ዶላሩ ካለቀ መልሶ መሙላት በብር ደመወዝ ሲታሰብ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የማይተካ ባንክሮል በበለጠ ጥንቃቄ ይያዛል፤ እዚያ 50 መግቢያ ነው የምለው።

ቀሃ_ማዶ፦
አንድ ባንክሮል ለመባል መለኪያው ገንዘቡን ከአንዱ ወደ ሌላው ያለ ችግር ማዛወር መቻል ነው። ኦንላይን ያለው ዶላር እሁድ ማታ ፒያሳ አይደርስልህም፣ ስለዚህ ሁለት ናቸው። ለየብቻ ቁጠራቸው፣ መዝገባቸውም ለየብቻ ይሁን።

ጎርጎራ_መንገድ፦
ካሽ ጌሙን ትተው ለምን ትንሽ ቶርናመንት አያደርጉም? በማታ የሚጠፋው ብር አስቀድሞ ይታወቃል።

የአዘዞው፦
ለ3,000 ብር ይህ ከሁሉ ይሻላል። ለስምንት ሰው እንዲህ ይዘጋጃል፦ መግቢያ 100 ብር፣ ለእያንዳንዱ 1,500 ቺፕ። ደረጃው በየ15 ደቂቃ ይጨምራል፦ 10/20፣ 15/30፣ 25/50፣ 50/100፣ 75/150፣ 100/200፣ 150/300፣ 200/400። ጠረጴዛው ላይ ያለው ጠቅላላ ቺፕ 12,000 ነው፤ ብላይንዱ 400 ሲደርስ 30 ትልቅ ብላይንድ ብቻ ስለሚሆን ጨዋታው እዚያ አካባቢ፣ በሁለት ሰዓት ገደማ፣ ያልቃል። 800 ብሩ ለአንደኛ 400፣ ለሁለተኛ 240፣ ለሦስተኛ 160።

ሰዓቱን የሚይዝ አንድ ስልክ መሐል ላይ ይቀመጥ፣ ደረጃው ሲቀየር ጮክ ተብሎ ይነገር። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው፦ ብላይንድ መጨመር ተረስቶ እስከ ሌሊት 6 ሰዓት ይጎተታል፣ ከዚያ ለመጨረስ ሲባል ብላይንዱ በአንዴ ሦስት እጥፍ ይደረግና ጨዋታው ዕጣ ይሆናል። ዳግም መግዛት የሚፈቀድ ከሆነ እስከ ሦስተኛው ደረጃ ብቻ ይሁን፣ የራሳችሁንም ባንክሮል ስታሰሉ መግቢያው 100 ሳይሆን 200 ነው ብላችሁ ያዙት።

ማራኪ_ሌሊት፦
ለእንዲህ ያለ ባለ አንድ ጠረጴዛ ቶርናመንት 30 መግቢያ ጥሩ መነሻ ነው፣ 50 ቢሆን ይመረጣል። ኦንላይን ትልልቆቹ ግን ሌላ ናቸው። መቶ ሰው ከሚገባበት የሚከፈለው ከ10 እስከ 15 ለሚሆኑት ብቻ ነው፣ ገንዘቡም አብዛኛው ከላይ ላሉት ሦስት ነው። በደንብ እየተጫወቱ ወራት ያለ ትልቅ ክፍያ ማለፍ የተለመደ ስለሆነ እዚያ 100 መግቢያ ትንሹ ነው፤ ሺህ ሰው ለሚገባበት 200 እና ከዚያ በላይ።

የ2000 እ.ኤ.አ. የዓለም የፖከር ሻምፒዮን ክሪስ ፈርጉሰን ከዜሮ ተነስቶ 10,000 ዶላር ለመድረስ ሲነሳ የተከተላቸው ገደቦች ለሰነፍ ሒሳብ ይመቻሉ፦ ካሽ ጌምና ባለ አንድ ጠረጴዛ ቶርናመንት ላይ ከባንክሮሉ ከ5 በመቶ በላይ አይገባም፣ ብዙ ጠረጴዛ ባለው ቶርናመንት ላይ ከ2 በመቶ በላይ፤ ካሽ ጌም ላይ ፊቱ ያለው ክምር ከባንክሮሉ 10 በመቶ ካለፈ ብላይንዱ ሲደርሰው ይነሳል። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ግን ወለቃ ስለ 900 ብሩ ያለችው ጉዳይ መልሱ ይኸው ነው።

በ2003 እ.ኤ.አ. ክሪስ መኒሜከር በ86 ዶላር የሳተላይት (ሽልማቱ የትልቁ ውድድር መግቢያ የሆነ ትንሽ ውድድር) መግቢያ ተነስቶ በዓለም ሻምፒዮናው 2.5 ሚሊዮን ዶላር መብላቱን እንደ ስልት አትያዙት። 839 ሰው ነበር የገባው፣ 838ቱ አላሸነፉም። ሳተላይት ጥሩ የሚሆነው መግቢያው ራሱ ከ2 በመቶው ገደብ በታች ሲሆን ነው።

ጎርጎራ_መንገድ፦
ኦማሃ የሚጫወቱ ልጆችም አሉ። መግቢያው ያው ነው ይላሉ።

ቀሃ_ማዶ፦
መግቢያው ያው ነው፣ ባንክሮሉ ግን አይደለም። ኦማሃ አራት ካርታ ስለሚያዝ እጆቹ ይቀራረባሉ፤ ሆልደም ላይ ኤስ ጥንድ ኪንግ ጥንድን 82 በመቶ ሲያሸንፍ ኦማሃ ላይ እንዲህ ያለ ልዩነት እምብዛም አይገኝም። መዋዠቁ በ100 እጅ 140 አካባቢ ይሆናል። 140 ሲካፈል ለ90፣ ስኩዌሩ 2.4። ተመሳሳይ ትርፍ ያለው ሰው ተመሳሳይ የመክሰር ዕድል ለማግኘት ባንክሮሉ 2.4 እጥፍ መሆን አለበት። ሆልደም ላይ 30 ከሆነ እዚህ ከ70 በላይ።

ወለቃ፦
የማታ ገደብም ይጨመር። ሁለት መግቢያ ከተበላ መነሳት፣ ያለ ድርድር።

ቀሃ_ማዶ፦
እህቴ፣ በዚህ ላይ እንለያያለን። ካርታው ያለፈውን አያስታውስም። ሁለት መግቢያ የተበላ ሰው ጠረጴዛው አሁንም ደካማ ከሆነና እሱ በደንብ እየተጫወተ ከሆነ መነሳቱ ትርፍ ማጣት ነው። በቀመሩ ውስጥ የማታ ገደብ ቦታ የለውም። ገደቡ ሦስት ወይም አራት መግቢያ ቢሆን ይገባኛል።

ወለቃ፦
በቀመሩ ቦታ የለውም፣ ተስማማሁ። ግን ቀመሩ በ100 እጅ 5 የሚያተርፈው ሰው ከማታ 3 ሰዓት በኋላም 5 እንደሚያተርፍ ያስባል። ሁለት መግቢያ ተበልቶ ለማስመለስ የተቀመጠ ሰው ደካማ ካርታ ይከተላል፣ ስትራድል ይጀምራል፣ ፍላሽ (አምስት ተመሳሳይ ቀለም ካርታ) ለመሙላት ፍሎፕ ላይ 35 በመቶ ዕድል ይዞ ግማሽ ክምሩን ይከፍላል። የእሱ ትርፍ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ኔጋቲቭ ነው፣ የአንተም ቀመር ለኔጋቲቭ 100 በመቶ ነው የሚለው። ደግሞም የአንገረብ ዳር ባንክሮል 15 መግቢያ ነው፤ አራቱን በአንድ ማታ ማውጣት ከሩብ በላይ ነው። ለኦንላይን 50 መግቢያ ላለው ሦስት ይሁን። ለእሱ ሁለት።

ቀሃ_ማዶ፦
ለ15 መግቢያ ሁለት ይሁን። ያ ክርክር ያሳምናል።

የአዘዞው፦
ገደብ ያለ መዝገብ አይሠራም። በደብተር አንድ መስመር ይበቃል፦ ቀን፣ ብላይንድ፣ ስንት ሰዓት፣ የገባ፣ የወጣ፣ ለቤቱ የተከፈለ፣ ልዩነት። ምሳሌ፦ 1/2፣ 4 ሰዓት፣ የገባ 300፣ የወጣ 372፣ ለቤቱ 8፣ ልዩነት ሲደመር 64። «72 በላሁ» ተብሎ ከተጻፈ በዓመቱ መጨረሻ መዝገቡና ፖስታው አይገናኙም። ዳግም የተሞላ ብር «የገባ» ውስጥ ይደመር፣ ለጓደኛ ያበደራችሁት ብር ግን ባንክሮል ውስጥ አይቆጠር፣ እስኪመለስ ድረስ እንደጠፋ ይያዝ።

አንገረብ_ዳር፦
ከባለቤቱ ጋር ተነጋግረናል። 1/2ቱ ላይ በሰዓት 20ው ቀርቶ በማታ 15 ብር በሰው እንዲሆን ተስማምቷል። ይህ ያስኬዳል?

የአዘዞው፦
15 ብር ለአምስት ሰዓት በሰዓት 3 ብር ነው፣ 1.5 ትልቅ ብላይንድ። በ100 እጅ 6። ከ40 ወደ 6 ወርዷል፣ ደካማ ጠረጴዛ ላይ ይህን ክፍያ ሸፍኖ ማትረፍ ይቻላል። ብቻ በማታ የሚከፈል ስለሆነ ሁለት ሰዓት ተቀምጠህ አትነሳ፤ ያኔ በ100 እጅ 15 ይሆንብሃል። አምስቱንም ሰዓት መቆየት በማትችልበት እሁድ ባለቤቱን ግማሹን ልክፈል በለው።